«የማንም ዕዳ የለብኝም» ማለት ይቻላልን?

በሰው አንደበት ከሚነገሩት የኩራት ቃላት መካከል «በላቤ ያቆምሁት ነው፤ የማንም ዕዳ የለብኝም» የሚለውን ያህል የሚከበር ጥቂት ነው። ይህን ቃል የሚናገር ሰው ደጅ ያልጠና፣ የሰው እጅ ያላየ፣ በጉልበቱና በሙያው ብቻ እንጀራውን ያገኘ መሆኑን ሊያስታውቀን ይፈልጋል። ምኞቱም መልካም ነው። ነገር ግን መልካም ምኞት ሁሉ እውነተኛ ቃል አይደለምና ቃሉን ቀርቦ መመርመር ተገቢ ይሆናል። ሰው በሥራው «የማንም ዕዳ የለብኝም» ለማለት በእውነት ይቻለዋልን? ዕዳ ያለበት እንደ ሆነስ በዚሁ ምክንያት ነጻነቱንና ክብሩን ያጣልን?

እነዚህን ጥያቄዎች በባዶ ቃል እንዳናንዛዛቸው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ሙያ ምሳሌ አድርገን እንውሰድ፤ ይኸውም የአናጢነት ሙያ ነው። አንድ ወጣት ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ መጋዙን፣ መሮውን፣ መዶሻውንና መላጊያውን ገዝቶ፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የራሱን ሥራ ጀመረ እንበል። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን፣ ጠረጴዛና ወንበር ይሠራል። መንገደኛ በደጁ ሲያልፍ የሚያየው አንድ ሰው አንድ ጣውላ ሲልግ ነው። ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ከዚህ ይልቅ ራሱን የቻለ ሥራ ያለ አይመስለውም።

ቀረብ ብለን ስናይ ግን ያች ጠባብ ቤት በሰው የተሞላች ሆና እናገኛታለን። ጣውላው ከነጋዴ የተገዛ ነው፤ ነጋዴውም ከጫኙና ከሾፌሩ፣ እነርሱም ዛፉን ተክሎ ካሳደገው ገበሬ የተረከቡት ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል ይባላል፤ እርሱም ቢሆን ዓመታት ይፈልጋል። ዋንዛና ዝግባ ግን አንዱ ትውልድ ተክሎ ሌላው ትውልድ የሚቆርጣቸው ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ዋንዛ የሚልግ አናጢ ስሙን የማያውቀው፣ ምናልባትም በሕይወት የሌለ ሰው ባለዕዳ ነው። ይህ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ምን እንደሚደርስ አገራችን አይታዋለች፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ እስከ መከልከል የደረሰው እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ በመሄዳቸው ነበር። ሁሉም ቆራጭ ሆኖ ተካይ ሲጠፋ የአናጢው መላጊያ ሥራ ይፈታል።

እንቀጥል። ሻካራውን ጣውላ በማሽን የሚያስተካክልለት ሌላ ባለሙያ አለ፤ ሁሉም አናጢ ማሽን ለመግዛት አቅም የለውምና ብዙዎቹ በአንድ ማሽን ደጅ ተራ ይጠብቃሉ። ኮላውንና ቫርኒሹን፣ ምስማሩንና ማጠፊያውን የሚያቀርብለት ባለሱቅ አለ፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ «ሥራውን ስታስረክብ ትከፍለኛለህ» ብሎ በዱቤ ይሰጠዋል። የሶፋውን ጨርቅ የሚያለብስ፣ የብረቱን እግር የሚበይድ፣ ያለቀውን ዕቃ በጋሪ የሚያደርስ ሰው አለ። ረጅም ጣውላ ሲሰነጠቅም አንዱ ጫፍ በባለሙያው እጅ ሲሆን ሌላው ጫፍ በረዳቱ እጅ ነው። ይህን ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ከሌለ መጋዙ የቱንም ያህል ቢሳል ጣውላው ይጎብጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የደንበኛው ነገር ነው። በአገራችን ልማድ አናጢ ሥራ ሲቀበል ቀብድ ይቀበላል። ቀብድ ምንድር ነው? ገና ላልተሠራ አልጋ፣ ገና ላልታየ በር አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ባንክ የቤት ካርታ ካላመጣህ ብሎ የሚከለክለውን ገንዘብ ደንበኛው በአናጢው ቃልና በጎረቤት ምስክርነት ብቻ አውጥቶ ይሰጠዋል። እንግዲህ የአናጢው የመጀመሪያ አበዳሪ ገና ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠው ደንበኛ ነው ማለት ነው። ለዚህ ብድር ወለድ አይጠየቅበትም፤ ዋስትናውም እምነት ብቻ ነው።

ነገሩ ወደ ሥነ ምግባር የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። የአንዱ ደንበኛ ቀብድ በቤት ኪራይና በቀለብ አልቆበት እንጨት መግዣ ያጣ አናጢ ከሁለተኛው ደንበኛ ቀብድ ተቀብሎ የመጀመሪያውን ሥራ ይጨርስበታል፤ ለሁለተኛው ደግሞ የሦስተኛውን ቀብድ ይጠብቃል። በዚህም ጊዜ «ነገ ና» የሚለው ቃል ይመጣል፤ ነገ ሳምንት ይሆናል፤ ሳምንት ወር ይሆናል። አናጢው ሌባ አይደለም፤ ሥራውንም ይሠራል። ነገር ግን የሚሠራው ሁልጊዜ የትናንቱን ዕዳ በነገው ሰው ገንዘብ እየከፈለ ነው። ከዚህም የተነሣ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አይቀርም። አንድ አናጢ ቃሉን ሲያፈርስ «አናጢ ዋሾ ነው» የሚለው ስም በሙያው ሁሉ ላይ ይለጠፋል፤ በመንደሩ ያለ ሌላው ታማኝ አናጢም ቀብድ መጠየቅ ያሳፍረዋል። በእምነት የቆመ ብድር ልክ እንደ ጋራ የውኃ ጉድጓድ ነውና አንዱ ያደፈረሰውን ሁሉም ይጠጣዋል።

ከላይ የጠየቅነው የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ መልስ አገኘ። «የማንም ዕዳ የለብኝም» የሚል አናጢ ዋሽቷል ባንለው እንኳ አልቆጠረም እንለዋለን። ዕዳው በዙሪያው ሞልቶ ሳለ በገንዘብ የተጻፈውን ብቻ ዕዳ ብሎታልና። እንግዲህ የሚቀረው ይህ ዕዳ ሰውን ያዋርደዋል ወይስ ያከብረዋል የሚለው ነው።

በዚህ ነገር ላይ ራሱ የአናጢነት ሙያ የሚያስተምረን ትምህርት አለ። ምስማር በሌለበት ዘመን እንጨትና እንጨት የሚያያዘው በመጋጠም ነበር፤ ዛሬም ደኅና ባለሙያ ጠንካራ ወንበር ሲሠራ እንዲሁ ያደርጋል። አንደኛውን እንጨት በመሮ ይፈለፍላል፤ የሁለተኛውን ጫፍ በመጋዝ ቀንሶ በተፈለፈለው ውስጥ ያስገባዋል። ልብ ብለን እንመልከት፤ ሁለቱ እንጨቶች አንድ ይሆኑ ዘንድ ከሁለቱም ይቆረጣል። ሙሉነቱን ሳያጎድል ከሌላው ጋር የሚጋጠም እንጨት የለም። ይሁን እንጂ ይህን ጥቂት ካጣ በኋላ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ክብደት ይሸከማል። ደግሞም ከአንዱ ብዙ ተቆርጦ ከሌላው ጥቂት ብቻ የተቆረጠ እንደ ሆነ ብዙ የተቆረጠው በዚያው በቀጠነበት ቦታ ይሰበራል። መጋጠሙ የሚጸናው በልኩ ነው።

የጥንት አባቶቻችንም ይህን በግንብ ላይ ጽፈውልናል። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት እንደሚታየው በአክሱም ዘመን ጥበብ የሚሠራ ግንብ በድንጋዩ መካከል ረጃጅም ግንዶች በአግድመት ይጋደሙበታል፤ እነዚህንም ግንዶች ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያያይዙ አጫጭር እንጨቶች ይገቡባቸዋል። የአጫጭሮቹ ጫፍ ከግንቡ ውጭ ብቅ ብሎ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። ተመልካች እንደ ጌጥ ቢያየው አይፈረድበትም፤ ሥራው ግን ማሰር ነው። ድንጋዩን ድንጋይ ብቻ ቢያደርጉት፣ እንጨቱንም እንጨት ብቻ ቢያደርጉት ይህን ያህል ዘመን ባልቆመም ነበር።

እንግዲያው መደጋገፍ የሚያዋርድ ነገር ነው የሚለው አሳብ ከየት መጣ? እንደሚመስለን የመጣው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ከመጥራት ነው። አንደኛው ደጅ ጥናት ነው፤ ሁለተኛው መደጋገፍ ነው። ደጅ የሚጠና ሰው የሚቀበለው ከበላዩ ነው፤ በምትኩም የሚሰጠው ሙያውን ሳይሆን ውዳሴውን ነው። «አይሆንም» ለማለት አይችልም፤ ጌታው ፊቱን ያዞረ ዕለት ሁሉን ያጣልና። የሚደጋገፉ ሰዎች ግን ዛሬ የሰጠው ነገ ይቀበላል፤ ዛሬ የተቀበለው ነገ ይሰጣል። «ብድር በምድር» የሚለው አነጋገር የሚያስረዳን ይህንኑ ነው። እንግዲህ የሚያዋርደው መቀበል አይደለም፤ መልሶ ለመስጠት የማያስችል አቀባበል ነው እንጂ።

ሕዝባችን ይህን ልዩነት በትምህርት ቤት ሳይማር ያውቀዋል። ወንፈል የተቆጠረ ብድር ነው፤ አንተ አንድ ቀን ለእኔ ታርሳለህ፣ እኔም አንድ ቀን ለአንተ አርሳለሁ። ደቦ ደግሞ ቁጥሩ ላላ ያለ ነው፤ ባለጉዳዩ ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራውም የራሱ ተራ እስኪመጣ አይቆጥርም። ዕድር ከሁሉ የጠለቀ ነው፤ እዚያ የሚከፈለው መዋጮ የሚመለሰው ሰው በኀዘን በተቀመጠ ጊዜ ስለ ሆነ ብድሩን ለመቀበል የሚጣደፍ የለም። አንድ አናጢ ለዕድሩ አግዳሚ ወንበር ቢሠራ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት አንድ ቀን የእርሱን ቤተ ሰብ የሚያጽናኑ ሰዎች ናቸው።

ለአነስተኛ ሥራ ቤት ግን ከሁሉ የሚቀርበው ዕቁብ ነው። 20 ባለሙያዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ ዕጣ የደረሰው በአንድ ቀን 20,000 ብር ይዞ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የበላው ያለ ወለድ ተበዳሪ ሲሆን በመጨረሻው ሳምንት የሚበላው ያለ ወለድ አበዳሪ ነው፤ በመካከል ያሉት ከሁለቱም ይካፈላሉ። ገንዘቡን የበላ ሰው እስከ ፍጻሜው እንዲጥል ዋስ ይጠራል፤ ዳኛና ጸሐፊም ይሾማል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ዕቁብተኛ ልጁ ታማ ወይም እንጨቱ ተቃጥሎበት ሲቸገር ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ይለቅለታል። እዚህ ላይ ሒሳብና ርኅራኄ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራውን የሚለቅ ባልተገኘ፤ ርኅራኄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዋስ ባልተጠራ ነበር። ዕቁብ የኖረው ሁለቱን በማጋጠሙ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ እንዳልሆነ ለማስረዳት የሌላ አገር አናጢዎችን ታሪክ እንጥቀስ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. በፕሩስያ ግዛት ዴሊች በምትባል ትንሽ ከተማ ሄርማን ሹልዘ የተባለ ዳኛ የከተማውን አናጢዎችና ጫማ ሠሪዎች ለጥሬ ዕቃ መግዣ በየማኅበራቸው አሰባሰባቸው። ችግራቸው የእኛ አናጢዎች ከሚያውቁት የተለየ አልነበረም። እያንዳንዱ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ በውድ ይገዛል፤ በዱቤ ስለሚወስድም ነጋዴው የሰጠውን እንጂ የመረጠውን አይወስድም። በአንድነት ሲገዙ ግን ዋጋው ይቀንሳል፤ መምረጥም ይቻላል። ዳግመኛም ለብቻው ብድር የሚነፈገው ሠራተኛ በማኅበር ሲጠይቅ ያገኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያሉት ማኅበራት የቆሙት ሁሉም ለእያንዳንዱ፣ እያንዳንዱም ለሁሉ ዕዳ በሙሉ ኃላፊ ይሆናል በሚል መሠረት ላይ ነበርና።

አንባቢ እዚህ ላይ «ባልበላሁት ዕዳ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ለሌላው ሰው ስንፍና መቀጣት ከፍትሕ ጋር የሚጋጭ ይመስላልና። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፤ ኃላፊነቱን የተቀበለው ተገድዶ ሳይሆን ወድዶ ነው። ሁለተኛ፤ ይህ ኃላፊነት የጎረቤቱን ሥራ እንዲያይ ዓይን ይሰጠዋል። ባልንጀራው ቀብድ ተቀብሎ በመጠጥ ቤት ሲያጠፋ ያየ ሰው «ምን አገባኝ» ሊል አይችልም፤ ያገባዋልና። ምክርም ተግሣጽም የሚጀምሩት አንዱ የሌላውን ዕጣ ሲካፈል ነው። ስለዚህ የጋራ ዋስትና ለሰነፍ የተዘረጋ አልጋ ነው እንዳንል ስንፍናን የሚጠብቅ የቅርብ ዘብ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሹልዘ የመንግሥት እርዳታን አይወድም ነበር፤ ሰው በራሱና በመሰሎቹ ኃይል ብቻ መነሣት አለበት ይል ነበር። ፈርዲናንድ ላሳል ግን በ1863ና በ1864 ዓ.ም. (በዚያው አቆጣጠር) አጥብቆ ተቃወመው፤ ባዶ ኪስ ከባዶ ኪስ ጋር ቢደመር ያው ባዶ ነውና ለሠራተኞች ማኅበር መንግሥት ብድር ሊሰጥ ይገባል ሲል ተከራከረ። ከእነርሱ ሌላ ደግሞ ራይፋይዘን የተባለው የገጠር ከተማ ሹም በባለጠጎች ምጽዋት የጀመረው የእርዳታ ማኅበር የሰጪዎቹ ትጋት እየቀዘቀዘ ስለ ሄደበት በ1864 ዓ.ም. ተረጂዎቹ ራሳቸው አባል የሚሆኑበት የብድር ማኅበር አድርጎ ለወጠው። ከሦስቱ ማን ልክ ነበር? በእኛ አስተያየት እያንዳንዱ የእውነቱን አንድ ጫፍ ይዟል። ሹልዘ፣ ከላይ ብቻ የመጣ እርዳታ ሰውን ደጅ ጠኚ እንደሚያደርገው አይቷል። ላሳል፣ ፈጽሞ ምንም የሌለው ሰው የሚያዋጣው እንደሌለው አይቷል። ራይፋይዘን፣ ርኅራኄ ብቻውን ዕድሜው አጭር መሆኑን አይቷል።

የእኛም አገር ታሪክ በዚህ ነገር ላይ የሚመሰክረው አለው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ መቋቋም ከጀመሩ ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሆኗል። በደርግ ዘመን በ1970 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ማኅበራቱን የሶሻሊዝም ግንባታ መሣሪያ አደረጋቸው፤ ብዙ ሰውም የገባው ወድዶ ሳይሆን ታዝዞ ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ባወጀ ጊዜ ብዙዎቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በአንጻሩ አዋጅ ያላቆመው ዕቁብ አዋጅ ሲለወጥ አልተለወጠም። በኋላም በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ፣ እርሱንም የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ አባልነት በፈቃድ መሆኑን መሠረት አድርገው የተነሡት ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው። ፈቃድ የሌለበት ድጋፍ በግድ የተመታ ምስማር ነው፤ ይይዝ ይመስላል፣ እንጨቱን ግን ይሰነጥቀዋል።

ይህ ማለት ግን መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ባለሙያዎች ራሳቸው ሊያደርጉት የማይችሉት፣ መንግሥት ብቻ የሚያደርገው ነገር አለ። አንድ ምሳሌ እንስጥ። ቤት የሌለው አናጢ ሀብቱ ማሽኑና ዕቃው ነው፤ ባንክ ግን ለብዙ ዘመን ቤትና ሕንፃ ካልሆነ ዋስትና አድርጎ ለመቀበል ያመነታ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ማሽንንና መሰል ንብረትን በዋስትና አስይዞ ለመበደር የሚያስችል ሕጋዊ መንገድ ከፈተ። ይህ ሕግ ለማንም አናጢ ገንዘብ አልሰጠም፤ ያለውን ነገር ግን ዋጋ እንዲኖረው አደረገ። ከሁሉ የተሻለ የመንግሥት ድጋፍ እንዲህ ያለው ይመስለናል፤ ሰውየውን ተሸክሞ የሚወስደው ሳይሆን በገዛ እግሩ የሚሄድበትን መንገድ የሚጠርግለት።

ከሕግ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልግ ሌላ ድጋፍ ደግሞ አለ፤ እርሱም አክብሮት ነው። በአገራችን ባለእጅን መናቅ ሥር የሰደደ በሽታ ነበር። አንጥረኛው በሠራው ማረሻ እያረሱ፣ ሸማኔው በሠራው ሸማ እየደመቁ፣ ሠሪውን ግን በሙያው ስም መስደብ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት የነገሩን ክብደት ተመልክተው ነው። አዋጁ ያስተዋለው ታላቅ ነገር አለ፤ የተናቀ ሰው ዙሪያውን ደጋፊ አያገኝም። ልጁን የሚድርለት፣ ዋስ የሚሆንለት፣ ማኅበር የሚያስገባው ሰው ካጣ የእጁ ጥበብ የቱንም ያህል ቢሆን ብቻውን ይቀራል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ሥሩ ፈጽሞ የተነቀለ አይመስልም። ልጁ ፈተና ሲወድቅ «እንግዲያው አናጢ ይሁና» የሚል አባት ሳያውቀው ያንኑ አሮጌ ስድብ ይደግመዋል።

ነቀፋውን ሁሉ ግን በውጭ ሰው ላይ ብቻ አንጣለው፤ ባለሙያውም የራሱን ድርሻ ይቀበል። መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ የሙያውን ሁለት እጅ አሳይቶ አንዱን እጅ ይደብቃል፤ ነገ ተወዳዳሪ እንዳይሆነው ይፈራልና። ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት አናጢዎችም የመሣሪያ መዋዋስ እስኪያቅታቸው ይመቃኛሉ። በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑን የእንጨትና የብረት ሥራ የሚሠራው ባስልኤል ጥበብ በተሰጠው ጊዜ ኤልያብ የተባለ ባልንጀራ ተሰጥቶታል፤ ሌሎችን የማስተማር ስጦታም አብሮ ተሰጥቷቸዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ቤት ያደረው በሙያ አንድ ስለ ነበሩ ነው፤ ሁሉም ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። በእጁ ሥራ መኖሩን የሚመካበት ያ ሰው የሙያ ባልንጀራ ማግኘቱን እንደ ውርደት አልቆጠረውም። ተወዳዳሪ ማለት ጠላት ማለት አይደለም። አንድ አናጢ ብቻውን 200 የትምህርት ቤት ወንበር ሠርቶ በጊዜው ለማስረከብ አይችልም፤ አምስት ሆነው ግን ይችላሉ። ሥራው ለውጭ አገር ዕቃ አስመጪ የሚሄደው አምስቱ አብረው መቅረብ ስላቃታቸው ከሆነ የምቀኝነታቸውን ዋጋ የከፈሉት ራሳቸው ናቸው።

ከዚህም ሌላ ሊሰወርብን የማይገባ አደጋ አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ነገር ግን ድር አንበሳ ብቻ ሳይሆን ምስኪን ዝንብም ያስራል። መደጋገፍ ወደ ወገንተኝነት የተለወጠ እንደ ሆነ ማኅበሩ ዋጋ የሚያስወድድ፣ አዲስ ገቢን የሚያስወጣ፣ ጨረታን በዝምድና የሚወስድ ሤራ ይሆናል። እንዲህ ያለው ስብስብ ለአባሉ ደግ፣ ለአገር ግን ክፉ ነው። ስለዚህ መደጋገፍን ከሤራና ከደጅ ጥናት የምንለይበት ሚዛን ያስፈልገናል። እኛ ሦስት መመዘኛዎች ይበቃሉ እንላለን።

አንደኛው መመዘኛ በሩ ነው። ከማኅበሩ ውጭ ያለ፣ ሙያና ታማኝነት ያለው ሰው ዘሩና ዘመዱ ሳይጠየቅ ለመግባት ይችላልን? በሩ የተዘጋ ከሆነ ያ ድጋፍ ሳይሆን አጥር ነው። ሁለተኛው መመዘኛ አንደበቱ ነው። የተደገፈው ሰው የደገፈውን «ይህስ ትክክል አይደለም» ለማለት ይደፍራልን? የማይደፍር ከሆነ የተሰጠው እርዳታ ሳይሆን የአፍ ልጓም ነው። ሦስተኛው መመዘኛ ፍሬው ነው። ዛሬ የተረዳው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላውን የሚረዳ ሆኗልን? ወይስ ያው ዛሬም በተረጂነቱ ቦታ ተቀምጧል? ሰውን ሰጪ የማያደርግ ስጦታ ጎደሎ ስጦታ ነው።

እነዚህን መመዘኛዎች ለየራሳችን ብንወስዳቸው የሚጠቅሙን ይመስለናል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለው ሹም ለጥቃቅንና አነስተኛ ሥራ ቤቶች የማምረቻ ቦታ ሲያድል፣ ብድር ሲያመቻች፣ የወንበርና የጠረጴዛ ግዢ ሲያወጣ ስንት ማኅበር እንደ ተቋቋመ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ያለ እርሱ ለመቆም እንደ ቻለ ይጠይቅ። ግዢውን ሲፈጽምም ክፍያውን አያዘግይ፤ ቀብድ ያልተቀበለ ትንሽ ሥራ ቤት ክፍያው በወራት ሲዘገይበት ይዘጋልና። አስተማሪው ለተማሪዎቹ የሒሳብን ትምህርት በዕቁብ ምሳሌ፣ የሥነ ምግባርን ትምህርት በቀብድ ምሳሌ ቢያስረዳ ነገሩ ከሕይወታቸው ጋር ይገጥማል። ተማሪውም የሚቀመጥበትን ወንበር አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጎ ከሥሩ ይመልከተው፤ የተጋጠመበትን ቦታ ያያል፣ የሠራውንም ሰው ያስታውሳል። አናጢው ደግሞ ቃሉን ይጠብቅ፤ የደንበኛውን ቀብድ ከቀለቡ ለይቶ ያስቀምጥ፤ የቻለ እንደ ሆነም ለቆረጠው ዛፍ ምትክ ይትከል ወይም ያስተክል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣንበት ቃል እንመለስ። «በላቤ ያቆምሁት ነው» የሚለው እውነት ነው፤ ላቡ ባይኖር የሌሎቹ ድጋፍ ሁሉ በባዶ ሜዳ ላይ የቆመ ምሰሶ በሆነ ነበር። «የማንም ዕዳ የለብኝም» የሚለው ግን ሊታረም ይገባል። በእኛ ዘንድ ቃሉ እንዲህ ቢባል ይሻላል፤ «ዕዳዬን አውቀዋለሁ፤ የምከፍልበትም እጅ አለኝ»። ነጻ ሰው ማለት ከማንም ምንም ያልተቀበለ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከቶ አልተወለደምና። ነጻ ሰው ማለት የተቀበለውን የሚያውቅ፣ በፈቃዱ የሚመልስ፣ በተራውም ለሌላው ጫፉን የሚይዝ ነው። አናጢው ለሙሽሮች አልጋ፣ ለተማሪ ጠረጴዛ፣ ለሟች ሣጥን ይሠራል። ሣጥኑን ግን ሠሪው ራሱ እንኳ ብቻውን ተሸክሞት አይሄድም፤ የእርሱም ቀን ሲደርስ ትከሻቸውን የሚሰጡት ሌሎች ናቸው። በመጨረሻው ቀን የማይቀርልንን የሰው ትከሻ በሥራችን ቀን ለመቀበልም ለመስጠትም የምናፍርበት ምክንያት የለም።